የመጨረሻዋ ባለቤት

ልብስ ሰፊዋ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ የሚደረግበት ግቢ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የሰው ምራቅ ነው። ባለ መኪኖች ተራቸውን ከሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር ሥር መሬቱ በሱፍ ቅርፊት፣ በሲጋራ ቁራጭና በአክታ ተለብጦ እግር ማሳረፊያ አልነበረውም። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ መጨረሻ ላይ ባለው ክፍት ቦታ፣ በወንበሩ ጠርዝ ብቻ፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠች። ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ አሉላት። ባይጠጉላት ይሻላት ነበር፤ ሲንቀሳቀሱ የላባቸው ሽታ አብሯቸው ተንቀሳቀሰ።

ልብስ ሰፊዋ ተጠያፊ ናት፤ ይህን ራሷም አትክድም። ደንበኛ ለልክ እጁን ከፍ ሲያደርግ ትንፋሿን ትይዛለች። ያልታጠበ ሱሪ ለማሳጠር ያመጣ ሰው ሱሪውን ይዞ ይመለሳል። ዕድሏ ሆኖ ግን የምትሠራበት ክፍል የአንድ ሕንፃ ጓሮ ነውና የላይኞቹ ፎቆች የሽንት ቤት ቱቦ በግድግዳዋ ጥግ ቁልቁል ያልፋል። ቱቦው ያዣል። ጨርቅ ደግሞ ሽታ ይወዳል። ደንበኞቿ ልካቸውን አስወስደው እስኪወጡ በአፋቸው ይተነፍሳሉ፤ አንዳንዶቹም የሰፋችላቸውን አዲስ ቀሚስ ከመልበሳቸው በፊት እንደሚያጥቡት ደርሳበታለች። ለእንደሷ ዓይነት ሰው ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

በቅርቡ ከሕንፃው ፊት፣ መንገድ ዳር፣ ባለ መስታወት ክፍል ተለቀቀ። ብርሃን እንደልብ፣ ቱቦ የሚባል ነገር የማያልፍበት ክፍል ነው። አከራዩን እግሩ ላይ ወድቃ ትንሽ እንዲጠብቃት ለመነችው። መኪናዋን ሸጣ ልትገባበት ነው። ገዢዋም ሩቅ አልነበረችም፤ ነርስ የሆነችው የእህቷ ልጅ ሕፃኗን መዋያ አድርሳ ሆስፒታል የምትሮጥበት መኪና ስትፈልግ ከርማ፣ ከማላውቀው ሰው ከምገዛ ያክስቴን ልግዛ ብላ ተስማምታለች። የቀረው ይህ ምርመራ ብቻ ነው። መኪናዋ ካለፈች ዛሬውኑ ቁልፉ ለነርሷ ይሰጣል፣ ልብስ ሰፊዋም ከቱቦው ትገላገላለች።

መኪናዋ በዚያ ሰዓት ከግቢው አጥር ጀርባ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ነበር። እዚያ ጎማ የሚያከራይ ሰውዬ አለ። ለምርመራው የሚሆን፣ ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ያስገባልሃል፤ ስታልፍ አውልቆ የራስህን ራሰ በራ ጎማ ይመልስልሃል። እነዚያው ጎማዎች በቀን ስንት መኪና እንደሚያሳልፉ እሱ ነው የሚያውቀው። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደችበት። ሰውዬው ግን በገዛ ጎማው የሚገባ ሞኝ እስከዛሬ እንዳላየ በትሕትና አስረዳት። ነርሷ መኪናዋን ስትረከብ አዲስ ጎማ ማስገባቷ አይቀርም ብላ ራሷን አጽናናችና ቁልፉን ሰጠችው። ሲቀበላት የጣቱ ግራሶ መዳፏ ላይ ቀረ፤ በመሀረቧ ብትፈትገው፣ ብትፈትገው አልለቅ አላት።

አግዳሚው ወንበር የራሱ ሥርዓት አለው። በበሩ በኩል ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲጠራ ተነሥቶ ቁልፉን ለግቢው ሹፌር ያስረክብና ማዶ ካለው ግንብ ተደግፎ ውጤቱን ይጠብቃል፤ የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ በሩ ይንሸራተታሉ። መንሸራተት ማለት ሌላ ሰው ሲያሞቀው የቆየ እንጨት ላይ መቀመጥ ማለት ነው። የማታውቀው ሰው ሙቀት በቀሚሷ ዘልቆ በደረሳት ቁጥር ልብስ ሰፊዋን ይዘገንናት ነበር። ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ እስኪጠራ ድረስ በዕድሜው የነዳቸውን መኪኖች፣ ከመጀመሪያዋ እስከ ዛሬዋ፣ ለወንበሩ መናገር አለበት። ማን እንደደነገገው አይታወቅም። እምቢ ያለ ግን ጉድ የደበቀ ይመስልበታል።

ጡረታ የወጣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር ባለ ተራው። የመጀመሪያ መኪናውን ሲያነሣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲያ ያለች መኪና ዳግመኛ አልተሠራችም፤ ሚስቱ ውስጧ ብስኩት እንኳ እንድትበላ ፈቅዶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ሲያወራ የዛሬዋን መኪናውን ቁልፍ ጆሮው ውስጥ ከትቶ ይጎረጉራል፣ ያወጣውን አይቶ በሱሪው ይጠርጋል፣ ከዚያ ስለ ንጽሕና ይቀጥላል። ሲጠራ ያንኑ ቁልፍ ለግቢው ሹፌር ሰጠው፤ ያ ሹፌርም ነገሩን ሳያውቅ በሁለት እጁ ተቀበለው።

ቀጥሎ ዳቦ አከፋፋዩ መጣ። ከነዳቸው መኪኖች ሁሉ የሚወዳት ዳቦ ሲያመላልስባት የነበረችዋን ነው። ከኋላ ወንበሯ ሥር አይጥ ወለደባት። እያደር አባወራውም መጣ መሰለኝ እያለ ይስቃል፣ ቤተሰቡ እየበዛ ሄደ፣ እሱም ልጆቹን ላለመረበሽ ቀስ ብሎ ይነዳ ጀመር። ዳቦውስ፣ ብሎ ጠየቀው አንዱ። ዳቦው ምንም አልሆነም አለ አከፋፋዩ፣ ወይም ሆኖም ከሆነ የነገረኝ ደንበኛ የለም። ወንበሩ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት የበላችውን ዳቦ አስታወሰችና ምራቋ አፏ ውስጥ ሞላ። የምትተፋበት ቦታ ብትፈልግ ሁሉም ቦታ ተተፍቶበታል፤ ዋጠችው።

አከፋፋዩ ተነሥቶ ግንቡን ሲደገፍ ጫፉን የያዘው ሰውዬ ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ የነበረው ነው። የክት ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ፉል ኦፕሽን ነው የሚሉት። በሯ በሽቦ የታሰረች መኪና እንኳ ሲሸጥ «ፉል ኦፕሽን ናት፣ ምንም አይጎድላትም» ስለሚል ነው አሉ። ሽቶ አርከፍክፏል፣ ጸጉሩ ቅባት ጠጥቷል፣ በትንሿ ጣቱ ላይ ደግሞ ረጅም ጥፍር አሳድጓል። በወሬው መሀል በዚያች ጥፍር ከጥርሱ ሥር አንድ ነገር ያወጣል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፣ ከዚያ መልሶ ይበላዋል። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ጆሮ ግን እንደ ፊት አይዞርም።

ፉል ኦፕሽን መኪኖቹን የሚቆጥረው እንደ ሌሎቹ በነዳበት ዘመን አልነበረም፤ በሸጠበት ዘዴ ነው። ካምቢዮዋ የሚጮህባትን መኪና ሙዝ ከነልጣጩ አብልቶ ዝም አሰኝቶ ሸጣት። ራዲያተሯ የሚያፈስባትን ደግሞ የእንቁላል ውሃ አጠጥቶ አንድ ቄንጠኛ ወጣት ላይ ጣላት፤ ልጁ ሩቅም አልሄደ፣ መንገድ ላይ እንቁላል ጠብሳ አቆመችው። ጎርፍ የዋጣትን መኪና ደግሞ ፀሐይ አስመትቶ፣ ሽቶ ረጭቶ ለአዲስ ሙሽሮች አደረጋት። ወንዶቹ በእያንዳንዱ ጭናቸውን እየመቱ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊዋ የሚገርማት ውሸቱ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም በየተራቸው የተታለሉ ገዢዎች መሆናቸው ነው። ከመሀላቸው አንድ ሰው እንኳ በገዢው ቦታ ሆኖ አልሰማም።

ከዚያ ፉል ኦፕሽን ድምፁን ዝቅ አደረገ። እስካሁን የነገራቸው ማሟሟቂያ መሆኑን፣ የእጁ ሥራ የሚላት ግን አንዲት ነጭ መኪና መሆኗን ነገራቸው።

ያቺ መኪና አንድ መኪና አልነበረችም፤ ሁለት ናት። አንደኛዋ ከኋላ ተመትታ ጀርባዋ ዱቄት የሆነ፣ ሁለተኛዋ ከፊት ተመትታ ግንባሯ የጠፋ። የአንዷን ፊትና የሌላዋን ኋላ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ከበር እስከ በር አስቆርጦ አስበየዳቸው። ከሥር ሬንጅ ቀባው፤ ከላይ ምንጣፍ አለበሰው። ተቆጣጣሪዎቹ መብራትና ፍሬን፣ ጎማና ጭስ አይተው አሳለፏት። ለሽያጭ ስትወጣ እሱ ራሱ አልቀረበም፤ ደላላውን ልኮ ማዶ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያይ ነበር።

«ገዢዋ ማን ነበረች መሰላችሁ?» አለ። «ልብስ ሰፊ። ደላላው ኮፈኑን ሊከፍትላት ሲል አትልፋ አለችው። ውስጥ ገብታ፣ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ስፌት ታያለች። በጣቷ እያስኬደች ታያለች። ከዚያ ምን ብትለው ጥሩ ነው? ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ!»

የወንበሩ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተደፍቶ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ቃሉ የሷ ነው። አንድም ፊደል አልጎደለም። ያን ቀን የወንበሩ ልባስ ጥብቅና ቀጥ ያለ ስፌት ስታይ፣ ወንበሩን እንዲህ የያዘ ሰው ሞተሩን ይበድላል ብላ አልገመተችም። በኋላም ያረጀውን የወለል ምንጣፍ አንሥታ አዲስ ስትሰፋላት ከበር እስከ በር የተጋደመውን የብየዳ መስመር በዓይኗ አይታዋለች። ሲሠሯት እንዲህ ነው የሚገጥሟት ብላ፣ ብረትም እንዲህ ቀጥ ብሎ ይሰፋል እንዴ ብላ አድንቃ፣ ምንጣፏን መልሳ አለበሰችው።

«ወንበሩን ለምን አዲስ አለበሱት?» ብላ ጠየቀችው። እርስዎ እያለች ነው የምታናግረው፤ የማታውቀው ሰው ነው።

ፉል ኦፕሽን ጥያቄው የገባው ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። «እሱማ የፊተኛዋ ግማሽ ነገር ነው፣ እትዬ። ከኋላ ብትመታም ከፊት የተቀመጡት ሁለቱም በሕይወት አልወጡም። ልባሱን አጥበነው፣ አጥበነው እምቢ አለ። ስፖንጅ ውድ ነው፣ ማን ይቀይራል? ላዩን አለበስነውና አበቃ።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ወንበር ስንት ጊዜ እንደተደገፈችው አሰበች። ሙቀት ሲሆን ጀርባዋ ያልበው ነበር። መሀረቧን አፏ ላይ ብታደርግ ግራሶው ሸተታት።

ፉል ኦፕሽን ያኔውኑ ተጠራ። ቁልፉን ሰጥቶ ግንቡን ሲደገፍ ጫፉ የሷ ሆነ። እሱ ያሞቀው ቦታ ላይ ተንሸራታ ተቀመጠች፤ ሽቶውም እንጨቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ወንዶቹ እሷን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ሴት በዚህ ወንበር ስታወራ ሰምተው አያውቁም፤ እትዬ እባክሽ አንቺም አጫውቺን አሏት።

«እኔ በዕድሜዬ አንድ መኪና ብቻ ነው የነዳሁት» አለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጫነች። «ነጭ ነበረች፣ አረንጓዴ አስቀባኋት። ከደላላ ነው የገዛኋት። ባለቤቷ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያየኝ እንደነበር ዛሬ ነው የሰማሁት። የወንበሩን ስፌት አይቼ እጁ ይባረክ ያልኩት እኔ ነኝ።»

የሱፍ ቅርፊት ሲተፋ የነበረ አንድ ሰው መትፋቱን አቆመ። በዚያው ቅጽበት ጎማ አከራዩ አረንጓዴዋን መኪና ከአጥሩ ጀርባ አዙሮ በሩ ላይ አቆማት፤ በተከራየችው ጎማ ላይ ኮራ ብላ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ የሰውዬው ፊት ሲቀላ፣ ዓይኑ መሬት ሲፈልግ ለማየት ጠበቀች። ቢያንስ ያን ያህል ይገባኛል ብላ አስባ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው ዳቦ አከፋፋዩ ነው። ከዚያ ጡረተኛው፣ ከዚያ ወንበሩ በሙሉ፤ እስኪያስላቸው፣ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ፉል ኦፕሽን ከግንቡ ተላቅቆ መጣና መኪናዋን ዞራት። ጣሪያዋን መታ መታ አደረጋት፣ አንገቱን አዘንብሎ ከሥር አያት። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰውዬ ነው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ብቻ ነው።

«እንዴት አድርገሽ ይዘሻታል!» አላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ አለና እንደ ወንድም በጆሮዋ ያወራት ጀመር። «ስሚኝ እህቴ፣ ለኔም እንዲህ ያለች ሸጠውልኛል፣ ቂም የለም። ዛሬ ካለፈች ቶሎ አሳልፊያት። የዚህ ነገር ጥበቡ የመጨረሻዋ ባለቤት አለመሆን ነው። ለምታውቂው ሰው መስጠቱ ከከበደሽ ለኔ ደውይልኝ፤ ለማታውቂው ሰው አደርግልሻለሁ።»

«እነዛ ሁለቱ ሰዎች እነማን ነበሩ?» አለችው። «አንተን እኮ ነው። እነማን ነበሩ?»

«የትኞቹ ሰዎች?» አለ ፉል ኦፕሽን። የምሩን ነው፤ አልገባውም። ስልክ ቁጥሩን የያዘች ካርድ ጉልበቷ ላይ አኖረላትና ሄደ።

መኪናዋ አለፈች። ተቆጣጣሪው መስታወቷ ላይ አዲሱን ምልክት ለጠፈባት፤ ጎማ አከራዩም አጥሩ ጀርባ ጎማዎቹን ነቅሎ ለሚቀጥለው ሰው አንከባለላቸው። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ሳትደገፍ፣ መሪውን አንቃ ይዛ፣ ክላክስ እየተነፋባት በዝግታ ወደ ጓሮዋ ነዳች። በየጉድጓዱ የመኪናዋ ወለል ሲንጫጫ ሰማች። ድሮም ይንጫጫ ነበር፤ ምንጣፉ ነው ትል ነበር።

ነርሷ ሕፃኗን አቅፋ ጓሮው ውስጥ ትጠብቃታለች። መኪናዋ እንዳለፈች ስታይ አክስቷን አገላብጣ ሳመቻትና በሩን ከፍታ ገባች። እንደ ሙያዋ ነው የመረመረቻት። አሸተተች፤ ምንም የለም። ጣቷን በመስታወቱ ሥር አስኬደች፤ አቧራ የለም። የወንበሩን ማዕዘን ገልጣ ቆሻሻ ፈለገች፤ አልነበረም።

«ንጹህ ናት እኮ አክስቴ» አለች። «ይሄን ወንበር የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

ያኔ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ሽንት ቤት ውሃ ለቀቀ። ቱቦው በልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ውስጥ እየተንጎራጎረ ወረደ፤ ወዲያው ሽታው በክፍት በሯ ወጥቶ ጓሮውን ሞላው። ልብስ ሰፊዋ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል አሰበች። አፏም ሳታዘው መናገር ጀመረ። መኪናዋን ለቅርብ መንገድ ብቻ እንደነዳቻት፣ ሞተሯ ድምፅ እንደሌላት፣ ዘይቷ በጊዜው እንደተቀየረ አወራች። ሁሉም እውነት ነበር። ቅልጥፍናዋ ራሷን ገረማት። ምንም የማይጎድላት ናት ካለች በኋላ ቀጥሎ ምላሷ ላይ የመጣው ቃል ፉል ኦፕሽን የሚለው ነበር። ቃሉን ከምላሷ ጫፍ መለሰችው፤ ያ የሰውዬው ሽቶ ግን ከገዛ ትንፋሿ ውስጥ የመጣ መሰላት።

ነርሷ ሕፃኗን መሬት ለመሬት እንዲድህ መኪናዋ ወለል ላይ ለቃው ነበር። ልጁ በመዳፉ ምንጣፉን ይደበድባል፤ ልክ የብየዳው መስመር ላይ።

«ልጁን አውጪው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አንገቷ ላይ በክር የምታንጠለጥላትን ትንሽ መቀስ ይዛ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተንበረከከች። ስፌቱን አልቀደደችም፤ ክር በክር ፈታችው። ያን ያደነቀችውን ስፌት ስትፈታ ብዙ ቆየች፣ ነርሷም ምን ሆንሽ እያለች ጠየቀቻት። ልባሱ ሲገለጥ ስፖንጁ መሀሉ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ቡናማ፣ ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ታፍኖ የቆየ ሽታም አለው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ነርሷ ግን ቀረብ ብላ አየችው። ስትመለስ ፊቷ የዘመድ ሳይሆን የነርስ ፊት ሆኖ ነበር።

«ይሄ ደም ነው» አለች። «ትንሽም አይደለም።»

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሁለቱ መኪኖች፣ ስለ ብየዳው፣ የተከራየቻቸውንም ጎማዎች ሳትደብቅ። ነርሷ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ልጄ።»

«ታዲያ አሁን ስታወሪልኝ የነበረው ምንድን ነው?»

ነርሷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አዝላ የመጣችበትን ጨርቅ አራግፋ ልጁን አዘለችው፣ ደህና ዋይ አለቻትና ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ብትሰድባት ይሻለኝ ነበር እያለች በሩ ላይ ቆመች።

ሰው ክፉ ጎኑን አንዴ አይቶ የሚበቃው ቢሆን ወሬው እዚህ ላይ ባለቀ። እሷ ግን ሳምንቱ ሳያልቅ ለፉል ኦፕሽን ደወለች። አከራዩ ሌላ ሰው መጥቷል ብሎ ላከባት፤ ቱቦውም ከመቼውም ብሶበት ውሃው በግድግዳው ላይ ቢጫ መስመር እየሠራ ወርዶ ለማግስት የምታስረክበውን ነጭ ቀሚስ ነካባት። የማላውቀው ሰው ነው የሚገዛት፣ እኔንም ያገኘኝ እንዲሁ ነው አለች ለራሷ፣ ቁጥሩን እየነካች። ፉል ኦፕሽን ደስ ብሎት አነሣው። ገዢ እንዳለው፣ ነገ ራሱ ይዞት እንደሚመጣ ነገራት። ስፖንጁ መገለጡን ስትነግረው ሳቀና፣ ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ሙያው ያንቺ አይደለም እንዴ፣ መልሰሽ ስፊው አላት።

የልባሱን ዓይነት ክር መርጣ፣ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ጥቁሩን ነገር ላለማየት ልባሱን ቶሎ ሳበችበትና መስፋት ጀመረች። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥብቅ ያለ፣ ዓይን የሚስብ ስፌት። ከድሮው ሰፊ ስፌት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ለማየት ራቅ አለች። ያምራል። ነገ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያስኬደዋል። ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ ይላል።

በሩን ከፍታ መውጣት እንኳ አልቻለችም፤ አንገቷን ብቻ አውጥታ ጓሮው ላይ አስመለሳት። አፏን ስትጠርግ መርፌው አሁንም ጣቷ መሀል ነበር። ከዚያ ሁሉ ምራቅ፣ ከጆሮ ኩክ፣ ከአይጥ፣ ከጥፍር ይልቅ ያን ሰዓት የጠየፈችው ያን እጇን ነው። ታጠበችው፤ በሳሙና ደጋግማ ታጠበችው። ከዚያ ወደ አንድ በያጅ ሄደች።

በያጁ በማግስቱ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ምንጣፉን አነሣችለትና መስመሩን በጣቷ አሳየችው፤ እዚህ ላይ፣ ከበር እስከ በር። እብድ መሰለችው፣ ግን ሥራ ሥራ ነው። እሳቱ ሲያርፍበት መጀመሪያ ሬንጁ ተንጨረጨረ፣ ጥቁር ጭሱ ጓሮውን ሸፈነው። ከዚያ መኪናዋ በስፌቷ ተለያየች። ግማሽዋ ወደ ፊት፣ ግማሽዋ ወደ ኋላ ጋደል አለች፤ ምርመራ ያለፈችበት ምልክት ከፊተኛው ግማሽ መስታወት ላይ አልተነሣም።

ፉል ኦፕሽን ከገዢው ጋር የመጣው ጭሱ ሳይበርድ ነው። ገዢው አንዴ አይቶ ተመለሰ። ፉል ኦፕሽን ግን እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቱ ላይ ሐዘን አየች።

«ምነው አበድሽ እንዴ?» አላት። «ምን የመሰለች መኪና!»

«የመጨረሻዋ ባለቤት እኔ ነኝ» አለችው።

ዓይኑ ወደ ፊተኛው ግማሽ ሄዶ ነበር። ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን አፉን አየው፣ በዚያች ረጅም ጥፍሩ ጠርዙን ነካ ነካ አደረገው። ሐዘኑ ከፊቱ ላይ እየለቀቀ ሄደ።

«የፊቱን ግማሽ ብቻውን ስንት ትይዋለሽ?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ መሣሪያውን ሊሰበስብ ወደ ጎነበሰው በያጅ ዞረች። «እንደገና አንድደው» አለችው። «ወንበር በለው፣ በር በለው፣ ማንም ከማንም ጋር እንዳይገጥመው ትንንሽ አድርገህ ቁረጠው።» ከዚያ ሰውዬውን ሳታየው ወደ ጓሮ ክፍሏ ገባች። አንዲት ደንበኛ በአፏ እየተነፈሰች ትጠብቃታለች። ልብስ ሰፊዋ የልክ መለኪያዋን ከአንገቷ አውርዳ፣ እጅሽን ከፍ አድርጊልኝ አለቻት።